አልይዝ ያለ ፍሬን

ኅዳር 4 ቀን 2017፣ ረቡዕ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለመኪናዋ ነበር። ዘይት መቼ ተቀየረ፣ ጎማ መቼ ተነፋ፣ ባትሪ መቼ ተሞላ፣ ሁሉም ይጻፋል። ግብርና ቢሮ ስሠራ የመስክ ማስታወሻ ሳልይዝ የዋልኩበት ቀን የለም፤ ጡረታ ወጣሁ ብዬ አመሌን አልተውም። ዲኤክሷም አብራኝ ያረጀች ናት። ሰው ባየኝ ቁጥር «ሽጣት» ይለኛል። ምን ሲደረግ!

ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ዘይት አይደለም። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ላደርስ ስሄድ አደባባዩ ጋ ፍሬን ያዝኩ፤ መኪናዋ የሰማችኝ ግን ዘግይታ ነው። ከፊቴ የቆመውን ባጃጅ ለጥቂት ሳትኩት። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «አባት፣ ተኝተዋል እንዴ?» አለኝ። እኔ ጉልላት ተኝቼ! እሱ ሳይወለድ መሪ የጨበጥኩ ሰው! ከይርጋለም እስከ ሞያሌ በመንግሥት መኪና ስመላለስ አንዲት ዶሮ ገጭቼ አላውቅም።

ከኋላ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዷ የልጄ የሜሮን ልጅ ሩሐማ ናት፣ ሌላዋ የጎረቤታችን የባለሱቁ የአብዱልፈታህ ልጅ ሐያት። ሁለቱም ሦስተኛ ክፍል ናቸው፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የማመላልሳቸው እኔ ነኝ። ሩሐማ የፊቱን ወንበር በሁለት እጇ ጨብጣ «አባባ፣ ቶሎ ያዝ እንጂ!» አለችኝ። ሐያት ቦርሳዋን አቀፈች። የሐያት ነገር ከበደኝ፤ የሰው አደራ ናት።

የፍሬን ሸራ አልቆ ይሆናል። ቅዳሜ ጋራዥ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

አሸናፊ ጋ ዋልኩ። ጋራዡ ወደ ቡሹሎ መውጫው ላይ ነው። አሸናፊ ምላሱ ከእጁ ይቀድማል፤ ጎማ ሳይፈታ ምርመራውን ጨረሰ። «ጋሼ፣ ሸራው አልቋል፣ ዲስኩም ተበልቷል፣ የኋላው የፍሬን ታምቡርም እንዲላግ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ ከተቻለ ደግሞ...»

«ከተቻለ የምትለዋን ለሀብታም አቆያት» አልኩት። ሳቀ።

ሲፈታው እውነትም የፊቱ ሸራ ብረቱ ሊወጣ ደርሷል። አፌን ሞልቼ ልናገር፣ ደስ አለኝ። ጥፋቱ ተገኘ ማለት ነው። በጡረታ አቅም የሚገዛውን ሸራ ገዛን፣ የፍሬኑን ዘይት ቀየረ፣ ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር አስወጣ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ሙሉዬ ስንት ፈጀ ብትለኝ ግማሹን ነገርኳት። «እንዲያ ረክሷል?» ብላ አለፈችኝ። ይህቺ ሴት ሳታምን ያመነች መምሰል ታውቅበታለች።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

አሁንም አልተስተካከለም።

ይይዛል፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ድሮ ፔዳሉን ስረግጥ ከሥር ይመልስልኝ ነበር፤ ምን ያህል እንደያዘ እግሬ ይነግረኛል። አሁን ትራስ የረገጥኩ ነው የሚመስለኝ። አሸናፊ እርባና ቢስ ሸራ ሰክቶልኝ ይሆናል። ደግነቱ ሐዋሳ ሜዳ ናት። ቁልቁለት ያለበት አገር ብኖር ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ፣ ልጆቹ ይጠብቃሉ።

ሙሉዬ በሳቅ ፈረሰች። ከጓሮ ስገባ በቀኝ እግሬ ነጠላ ጫማ የለም፤ ጭቃው ላይ ወልቆ ቀርቷል። «አንተ ሰውዬ፣ በአንድ እግር ጫማ ሳሎን ድረስ ስትገባ አልተሰማህም?» አለችኝ። ተሰምቶኛል፣ ችላ ብዬው ነው። ሰው ፍሬን እያሰበ ስለ ነጠላ ጫማ ይጨነቃል እንዴ!

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ዛሬ የስኳር ክትትል ቀጠሮዬ ነበር። ታምቡሩን ቶርኖ ቤት ለማድረስ ስሯሯጥ አለፈኝ። ይለፍ። ባለፈው ሄጄ ምን ጠቀመኝ? ሲስተር ትንሣኤ የምትባለዋ ነርስ ዓይኔን አስጨፍና ክር በመሰለ ነገር እግሬን እየነካካች «ተሰማዎት? አሁንስ?» ትለኛለች። ከኋላዬ ሰልፉ በሩን አልፏል። «አዎ፣ አዎ» እያልኩ ተገላገልኳት። ከስኳር ጋር እንደሁ ተላምደናል፤ እሱም አይደፍረኝ እኔም አልነካው።

ታምቡሩ ጥሩ ሆኖ ተስተካክሏል። ነገ ይገጠማል።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጽዮን ናት። ሙሉዬ ቡሹሎ ያለችው የአክስቷ ልጅ ጋ አድርሰኝ አለችኝና ሄድን። ስንመለስ በሬዎች መንገድ ያቋርጡ ነበር። ከሩቅ አይቻቸዋለሁ። እግሬን አንስቼ ፍሬኑ ላይ አደረግኩ። መኪናዋ መሄዷን አልተወችም። እንደገና ስረግጥ ነው የያዘችው፤ እሱም በድንገት። ሙሉዬ «በስመ አብ!» ብላ ክንዴን ጨመደደችኝ። የመጨረሻው በሬ ጭራ የፊት መብራቱን ጠርጎት አለፈ።

ሞተሩ ጠፋ። የበሬዎቹ ባለቤት በሲዳምኛ የሆነ ነገር ጮኸብኝ፤ ትርጉሙ አልጠፋኝም። ሙሉዬ እጇን ክንዴ ላይ እንዳደረገች «ጉልላት፣ ዓይንህ ነው እንዴ?» አለችኝ። ከፊታችን አንድ አይሱዙ እየራቀ ነበር፤ ታርጋውን ቁጥር በቁጥር አነበብኩላት። ዓይኔ ምን ሆነ! አላየሁትም አላልኩም እኮ፤ አልያዘም ነው ያልኩት።

ላቤ እስኪደርቅ እዚያው ቆየን።  

ሐዋሳ ሜዳ ናት ብዬ ነበር። ቡሹሎም ሜዳ ነው።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ከአሸናፊ ጋር ተነጋገርን። መለስተኛ ነገር እዚህም እዚያም ከመነካካት አንድ ጊዜ ፍሬኑን እናሳድገው አለኝ። አንድ የተጋጨች አዲስ ሞዴል መኪና ለዕቃ ተበልታ እየተሸጠች ነው። የፊት ዲስኮቿ ሰፋፊ ናቸው፤ ከነመያዣቸው በትንሽ ማስተካከያ የእኔዋ ላይ ይገባሉ ይላል። ሰርቮዋም አብሮ ይመጣል። ሰርቮ ማለት እግር በትንሹ ሲጫነው ኃይል ጨምሮ ፔዳሉን የሚያግዝ ነው። «ጋሼ፣ በላባ ቢነኩት ይቆማል» አለኝ።

ያገለገለ ዕቃም ቢሆን ለጡረተኛ ውድ ነው። ለገና ሙክት ያስቀመጥነውን አወጣሁ። ሙሉዬ አኮረፈች። «ለዶሮም አትተርፍልንም ይቺ መኪና» አለች። ልጄ ሜሮን ደግሞ ከባንክ ሥራዋ መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ «አባዬ፣ ለምን እኔ ጠዋት ጠዋት አላደርሳቸውም? ፒያሳ ስሄድ መንገዴ ነው» ትለኛለች። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ከቦርሳዋ ወጥቶ አያውቅም። እኔም መሪዬን ለማንም አልሰጥም። ይቺን ልጆች የማድረስ ሥራ ከወሰዱብኝ ጠዋት ተነስቼ የት ልሄድ ነው? ግቢ ውስጥ ቁጭ ብዬ ዶሮ ልጠብቅ?

«ፍሬኑ ይሠራ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አልኳት። አንነጋገርም።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

አለቀ! ዲስኩ፣ ሸራው፣ ሰርቮው፣ የጎማ ቱቦዎቹ ሁሉ። አሸናፊ ራሱ ይዟት ወጣ፤ እኔ ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ተመለከትኩ። በፍጥነት መጥቶ ፊቴ ሲደርስ ያዘው። ጎማው ጮኸ፤ አስፋልቱ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ቀረ። ጎረቤት ያለው ጎሚስታ ሥራውን ጥሎ አጨበጨበ። አሸናፊ ከመስኮቱ «ጋሼ፣ ቀበቶ ይሰሩ! እንዲህ ያለ ፍሬን ሐዋሳ ውስጥ የለም!» ብሎ ፎከረ።

እኔም ነድቻት ቤት ገባሁ። ያዘች። ይመስለኛል ያዘች።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

ትምህርት ቤቱ በር ላይ የእግረኛው መንገድ ላይ ወጣሁ። በአንድ ጎማ ብቻ ነው፣ ሰውም አልነበረም። ሐያት «መኪናው ዘለለ!» ብላ ሳቀች። ሩሐማ አልሳቀችም። ስትወርድ ዞር ብላ አየችኝ፤ የእናቷ አስተያየት ነው።

በቀጥታ ወደ አሸናፊ። አሁንም ፈታው፣ አሁንም ገጠመው፣ አሁንም ነዳት፣ አሁንም ያዘለት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ እኔ ስይዘው ይይዛል። እርስዎ ሲይዙት አልያዘም ይላሉ። መኪናዋ ሰው ትለያለች እንዴ?» ባለጌ! የሥራውን ጉድለት በቀልድ ሊሸፍን ነው። ተቆጥቼው ወጣሁ። ወደ ቤት እየነዳሁ ግን ያው ነገር ጆሮዬ ላይ ይመላለስብኛል።

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ

ሙሉዬ እግሬን እንድታጠብ ውሃ አሙቃ አቀረበችልኝ። ቀኙን ነከርኩ፣ ደህና ነው፣ ለብ ያለ። ግራውን ስነክር ዘልዬ ተነሳሁ፤ ፍል ውሃ እኮ ነው! ጮህኩባት። ጣቷን ነክራ አወጣችና የቀኝ እግሬን አየች። ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ቀልቷል። ቅቤ ቀባችልኝ። «ቀኙን ስታስገባ ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ። «ታግሼልሽ ነው» አልኳት። አልሳቀችም።

ትንሽ ቆይቶ ማድ ቤት ውስጥ ከሜሮን ጋር ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ሜሮን «ማን ይንገረው?» አለች። ሙሉዬ «እኔ አልችልም፤ እሱን አውቀዋለሁ፣ ይሰበራል» አለች። ስለ ሙክቱ ገንዘብ ነው። ዕቃው ውድ እንደነበረ ሰምተው ይሆናል። አሸናፊ አፉ አያርፍም።

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

አብዱልፈታህ ሱቅ ስኳር የሌለበት ብስኩት ልገዛ ገባሁ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ነገር አያንዛዛም። ብስኩቱን ጠቅልሎ ሰጠኝና ጥቅሉን ከእጁ ሳይለቅ «ጋሽ ጉልላት፣ ሐያት መኪናው ዘለለ አለችኝ። ደህና ነው አይደል?» አለኝ።

«ምን ነካህ አብዱልፈታህ! ሙሉ ፍሬኑን አሳድጌዋለሁ። ካሁን በኋላ እንደ አውሮፕላን ነው» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። አመነኝ። ሰው እንዲህ ቶሎ ሲያምን ያስፈራል። ብስኩቱን አልበላሁትም።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ፣ ገብርኤል

የሰው ብዛት! ከአዲስ አበባም ከየአገሩም የመጣ ስለት አስገቢ ከተማዋን ሞልቷታል። መኪናዋን ራቅ አድርጌ አቁሜ ከሙሉዬ ጋር በእግር ሄድን። ጫማ አውልቆ መግባት ነው፤ ሙሉዬ የእሷን በላስቲክ ይዛ ስትገባ እኔ «ማን የእኔን ይወስዳል» ብዬ እንደልማዴ ከበሩ ጎን አኖርኩት። ስንወጣ የጫማው ክምር ተራራ ሆኗል። ጥቁር ቆዳ ጫማዬን ለይቼ አደረግኩ፤ ሰው ይገፋኛል፤ ማሰሪያውን እንኳ በወጉ አላሰርኩም። ወደ መኪናው ሄድን፣ ነዳሁ፣ ቤት ገባን፣ ቡሹሎ ያሉት ዘመዶች መጡ፣ ምሳ ተበላ። እስከ አስር ሰዓት ድረስ ጫማዬን አላወለቅኩም።

ሩሐማ ናት ያየችው። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ስትጫወት ቆይታ «አባባ፣ ጫማህ አንድ ዓይነት አይደለም» አለች። አየሁት። ግራው የእኔ ነው። ቀኙ ጥቁር ነው፣ ቆዳ ነው፣ የእኔ ግን አይደለም። ሳወልቀው እምቢ አለ። ሙሉዬና ሜሮን ሁለቱ ጎትተው አወጡት። ሦስት ቁጥር ያንሳል። ትንሿ ጣቴ ቆዳዋ ተገፏል፤ ካልሲው ደም ሆኗል።

እንግዶቹም ሜሮንም እግሬን ያያሉ።  እኔም ሳቅሁ፤ «ታቦቱ ቀልዶብኝ ነው» አልኩ። አንድ ሰው እንኳ አልሳቀልኝም።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ጫማውን ለመመለስ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የገረመኝ፣ ሰውየውም ከቅዳሴ በኋላ እዚያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ቀጭን፣ አጭር፣ እንደኔው ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ አልአዛር ይባላል፣ ከሻሸመኔ መጥቶ እህቱ ቤት ያደረ። በቀኝ እግሩ የእኔን ጫማ አጥልቆ ወዲህ ወዲያ እያንሸራተተው መጣና ተሳሳቅን። «ጌታዬ፣ ከትናንት ጀምሮ እግሬ እየዋኘ ነው! ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቅጥቄ ነው የዋልኩት» አለኝ።

ይቅርታ ጠየቅሁት። ተቀባበልን። የእሱን ጫማ በእጁ ይዞ ከውስጥ አየው፤ ደሜ አለበት። ከዚያ ቀና ብሎ በቅንነት፣ ምንም ክፋት ሳይኖርበት ጠየቀኝ፦ «እንዴት ቻሉት ግን? ጠባብ አልሆነብዎትም?»

  «ቸኩዬ ነበር» አልኩት። «ለዚያ ሁሉ ሰዓት?» አለኝ። ይህንንም በቅንነት ነው ያለኝ። ከዚያ እጄን ጨብጦ፣ ተሳልሞ ሄደ።

ቤት ስደርስ መኪናዋ ውስጥ ሞተር አጥፍቼ ተቀመጥኩ። ፔዳሉን ረገጥኩ። ዓይኔን ጨፍኜ እንደገና ረገጥኩ። ረግጬዋለሁ ወይስ አልረገጥኩትም? ዓይኔን ገልጬ አየሁ። ረግጬው ኖሯል።

ደክሞኝ ነው። ጣቴም ቆስሏል፤ የቆሰለ እግር ምን ይሰማዋል? ነገ ቀስ ብዬ እነዳለሁ።

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ



ትምህርት ቤት በር። አስተማሪዋ ትንንሾቹን አሰልፋ መንገድ ታሻግራለች። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ ጮኸች፣ ወደ ፊት ዘለለች። አጥብቄ ረገጥኩ። የባሰ ዘለለች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። እግሬ የት እንዳለ ለማወቅ ጎንበስ ብዬ ማየት ነበረብኝ! ነዳጅ መስጫው ላይ ነው።

መሪውን ወደ ቦዩ ሰበርኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። የቦዩ ሲሚንቶ አቆመን። ከሰልፉ አንድም ልጅ አልተነካም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንድም ልጅ አልተነካም። አስተማሪዋ ሁለት እጇን ዘርግታ ከፊታቸው ቆማ ነበር፤ መኪና በእጅ የሚቆም ይመስል።

ሐያት ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ደሙ ዩኒፎርሟ ላይ። አለቀሰች፣ ከዚያ ስታየኝ ማልቀሷን ተወች። ሩሐማ አቀፈቻት።

ሰው ተሰበሰበ። «ምን ሆኖ ነው?» ይላሉ። «ፍሬኑ ነው» አልኩ። ለአስተማሪዋም፣ ለትራፊክ ፖሊሱም፣ ለአብዱልፈታህም እንደዚሁ። «ፍሬኑ አልያዘም።»

ታኅሣሥ 22፣ ማክሰኞ

የመኪናዋ የፊት መከላከያ ተቃንቷል። ልጆቹ ዛሬ በባጃጅ ሄዱ።

አሸናፊ አንድ ጊዜ እንኳ አልቀለደም። ሁሉንም ፈትቶ መሬት ላይ ደረደረልኝ፣ አንድ በአንድ። «ጋሼ፣ በእናቴ እምላለሁ፣ ምንም የለውም» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሰው በእሱ ሥራ ልጅ ተጎዳ ሲል ሰምቷል። እኔ ነኝ ያስባልኩት። «ገብቶኛል» ብቻ ብዬው ወጣሁ።

ታኅሣሥ 23፣ ረቡዕ

ጠዋት እንደገና ወሰድኳቸው። ለምን? ለአብዱልፈታህ «ተሠርቷል» አልኩት፤ እሱም የሐያትን ቦርሳ ራሱ መኪናው ውስጥ አስገባ። እግሬን እያየሁ ነዳሁ። መንገዱን ልይ ወይስ እግሬን? ሁለቱን ማየት አይቻልም። አደባባዩ ጋ አንዲት እናት ልጅ አዝላ ስታቋርጥ የእጅ ፍሬኑን ጨበጥኩ። ስመለስ መንገድ ዳር አቁሜ ብዙ ቆየሁ። ሰው ልትገድል ነው የሚለኝ አልነበረም። ራሴ ነበርኩ የምለው።

ከሰዓት ሩሐማ የቤት ሥራዋን ጨርሳ ስትመጣ «ነይ አንድ ጨዋታ እንጫወት» አልኳት። ካልሲዬን አወለቅኩ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። «የቀኝ እግሬን ጣቶች አንድ በአንድ ንኪ፤ ስትነኪኝ እነግርሻለሁ።»

ተጠባበቅኩ። ጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። ሐይቁ ላይ ከሚውሉት ወፎች አንዱ ጣሪያችን ላይ ይጮኻል። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። ትምህርት ቤት የሰለቻት ልጅ ናት፣ ሌላ ነገር ይዛ ይሆናል ብዬ «ጀምሪ እንጂ የኔ እናት!» አልኳት።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ። «ይዤው ነው እኮ ያለሁት።»

ዓይኔን ገለጥኩ። ትልቁን ጣቴን በሙሉ እጇ ጨብጣዋለች። ነጭ እስኪሆን ጨብጣዋለች።

አላለቀስኩም ብዬ አልጽፍም። እሷም አለቀሰች፤ ያሳመመችኝ መስሏት። እንዳላመመኝ ነገርኳት። ሙሉዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ገባች፣ አጠገቤ ተቀመጠች፣ «ዓይንህ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «አይ ሙሉዬ» አልኳት። ለሳምንታት ሊነግሩኝ የፈሩት መንዳት እንድተው ነበር እንጂ ስለ ሙክቱ አልነበረም።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

ሱቁ ሳይከፈት ሄድኩ። አብዱልፈታህ የበሩን ቁልፍ እየፈታ ነበር። እንዲህ ብዬ ነገርኩት፦ ፍሬኑ አይደለም። እግሬ ነው። ስኳሩ እግሬን አደንዝዞታል። በመኪናዋ እያመካኘሁ ልጅህን ይዤ ስዞር ነበር።

ቁልፉን ከኪሱ ከተተ። አየኝ። አይቶኝ አያውቅም እንደዚያ። «ለምን ትናንት አልነገሩኝም? ትናንት ጠዋትም እኮ ወስደዋታል። ቦርሳዋን እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

«አዎ» አልኩት።

«ጋሽ ጉልላት፣ እኔ ልጄን የሰጠሁት ዲኤክሱን አምኜ አይደለም።»  ፊቱን አዞረና በሩን ወደ ላይ ገፋው። ይገባኛል። በእሱ ቦታ ብሆን የከፋ እናገር ነበር። ይቅርታ ብዬ ጠየቅኩት፤ እሱ ሸቀጡን ማውጣት ጀመረ፤ ወደ ቤት መጣሁ።

የመኪናዋን ቁልፍ ሜሮን እጅ ላይ አደረግኩት። «አባዬ...» አለች። «ሁለተኛውን ማርሽ ስትለውጪ ትንሽ ታስቸግራለች» አልኳት። ከዚያ ጓሮ ሄጄ ቆየሁ። ሆድ ብሶኛል።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

ክትትል ሄድኩ። ሲስተር ትንሣኤ ያንኑ ክር የመሰለ ነገር አወጣች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። «ተሰማዎት?» «አልተሰማኝም።» «አሁንስ?» «አልተሰማኝም።» ግራው ይሻላል፤ ቀኙ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የለም። «ባለፈው አዎ ብለውኝ ነበር እኮ» አለችኝ። «እንድትገላገዪኝ ብዬ ነው» አልኳት። አልተቆጣችም፣ ቁስሌን አጠበችልኝ። እግርዎን በየቀኑ በዓይንዎ ይዩት፣ ስሜቱን አይመኑት አለችኝ። መኪና መንዳትስ ብላት አይሆንም በሚል ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ጥር 1፣ ሐሙስ

ገና በዶሮ አለፈ። ሙሉዬ ስለ ሙክቱ አንዴም አላነሳችም፤ ያ ነው ቅጣቷ።

ዛሬ ከበዓል በኋላ ትምህርት ተከፈተ። ሜሮን መሪው ላይ ተቀመጠች። እኔ ጋቢና። በገዛ መኪናዬ ጋቢና ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ እግሬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ሩሐማ ከኋላ ነበረች። ልንንቀሳቀስ ስንል አብዱልፈታህ ሐያትን እጇን ይዞ ከሱቁ ወጣ። መስኮቱ ጋ መጣ። መሪው ላይ ያለችውን አየ፣ እኔን አየ፣ ፍሬን ፔዳሉን ሳይቀር ጎንበስ ብሎ አየ። «አንቺ ነሽ የምትነጂው?» አላት። «እኔ ነኝ» አለችው። በሩን ከፍቶ ሐያትን አስገባ፣ ቀበቶዋን ራሱ አሰረላት። የከንፈሯ ቁስል ደርቋል። ለእኔ «ደህና ይዋሉ» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ቃሉ ነው።

አደባባዩ ጋ ስንደርስ አንድ ባጃጅ እንደ ባጃጅ ልማድ ሳያይ ገባብን። ሜሮን ፍሬን ያዘች።

እናቴ ድረሽ! መኪናዋ ባለችበት ተተከለች። ቀበቶው ደረቴን ቆረጠኝ፣ መነጽሬ ተሽቀንጥሮ መስታወቱ ሥር ወደቀ፣ የልጆቹ ቦርሳ ከመቀመጫው ተወርውሮ ወለሉ ላይ ተበተነ። ባጃጁ ራቅ ብሎ አለፈ፤ በመካከላችን ከብት ማለፍ ይችላል። ከኋላ ሁለቱ ልጆች በአንድ ላይ ሳቃቸውን ለቀቁት። ሐያት «እንደገና! እንደገና!» ትላለች። ሜሮን ግን ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ ይቅርታ፣ በትንሹ ነው የነካሁት፤ እንዲህ እንደሚይዝ ማን ነገረኝ!»

ማንም አልነገራትም። እኔም ዛሬ ነው ያወቅኩት። መነጽሬን አንስቼ ጠረግኩና ንጂ አልኳት።

ከሰዓት አሸናፊ ጋ በእግሬ እሄዳለሁ፤ የይቅርታ ዕዳ አለብኝ።